የአማርኛ ማስታወሻን መልሶ ለማግኘት

ቤቴ ኦክላንድ፣ ሥራዬ ሳን ሆዜ ነው። ቢሮ በምሄድባቸው ቀናት ባቡር ውስጥ ኮድ አልነካም። አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቼ የዕለቱን ችግር በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ምን እየሆነ ነው? ለምን ይመስለኛል? ግምቴን የሚያፈርሰው ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?

ለምን በአማርኛ? የእንግሊዝኛው ሙያዊ ቃል ያልገባንን ነገር የገባን ያስመስላል። «ኬሽ ኢንቫሊዴሽን» ብዬ ብጽፍ ገና ምንም አላሰብኩም። በአማርኛ ግን «ዋናው መረጃ ሲቀየር፣ ቅጂው ማርጀቱን ማን ይነግረዋል?» ማለት ግድ ይሆንብኛል። ያቺ «ማን» ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ጥፋቱ ቦታ ትወስደኛለች። (አዲስ ሙያዊ ቃል እንፍጠር ማለቴ አይደለም፤ እሱ የሌላ ቀን ክርክር ነው።)

ችግሩ ማስታወሻው ሲበዛ ይመጣል። «ስህተት» ብዬ ስፈልግ «ስሕተት» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ይህም ትክክል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ስ» 1235፣ «ሥ» 1225 ናቸው (በሄክሳዴሲማል)። ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም፤ የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያገናኛቸውም። «ፀሐይ» ብቻ ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ ሁለት «ጸ» በስድስት «ሀ» (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)።

እኔ የምጠቀመው አጭር የፓይተን ስክሪፕት ነው። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባት ቤታቸው የሚመልስ ሰንጠረዥ አለው፤ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 37 ሆሄ ይሆናል። «ትራንስሌት» ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍበት ሓ እና ኃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓም በቀጥታ ወደ አ ይመለሱ። በሃ ወይም በኣ በኩል ካዞራችኋቸው እዚያው ይቀራሉ።

ዋናውን ፋይል ግን አትንኩ። ሰንጠረዡ የሚሠራው በፍለጋው ቃልና በመስመሩ ጊዜያዊ ቅጂ ላይ ብቻ ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ለማለት ነው፤ «ሰረቀ» ሌባ ነው። ፍለጋ ላይ ሁለቱም ቢመጡ ዐይን ይለያቸዋል፤ ፋይሉ ውስጥ አንድ ከሆኑ ግን መለያ የለም።

ይህም ሆኖ «ስሕተት» ብላችሁ «ስሕተቱን» አታገኙም፤ የመጨረሻዋ ሆሄ ከት ወደ ቱ ተቀይራለች። እኔ እሷን ትቼ «ስሕተ» ብዬ እፈልጋለሁ።