የሥራ ልምምድና የድኻው ልጅ ትምህርት

(በሬዲዮ የተነገረ)



በልደታ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ ሁለት ሕፃናት፣ በየማለዳው አንድ ደረጃ ወርደው ወደየትምህርት ቤታቸው ይሄዳሉ እንበል። አንደኛውን የግል ትምህርት ቤት መኪና ከደጅ ይቀበለዋል፤ ማታም አስጠኚ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በእግሩ ይገሠግሣል፤ ማታ ሲመለስ እናቱን በጉልት ንግዷ ያግዛል እንጂ ደብተሩን ገልጦ የሚያይለት ሰው የለም። አእምሮአቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ የሚለያያቸው የወላጆቻቸው ገቢ ነው።

ይህም በቀላሉ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት፣ ከተፈተኑት ሁሉ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። በሩ እንዲህ በጠበበ ጊዜ ቀድሞ የሚያልፈው ከኋላው ደጋፊ ያለው ነው።

በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምግብ፣ የደንብ ልብስና ደብተር መቅረቡ ከወላጆች ትከሻ ታላቅ ሸክም አውርዷል። ሆኖም ደብተር ከመጋዘን ወጥቶ ይታደላል፤ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ በትዕግሥት የሚያስረዳ ሰው ግን በመጋዘን አይገኝም። ስለዚህ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚጥር የበጎ አድራጎት ድርጅት ፊቱን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማዞሩ ተገቢ ነው። ተማሪውም በድርጅቱ ዘንድ ለተወሰነ ጊዜ እያገለገለ ሙያውን በተግባር ይማራል። የሥራ ልምምድ የሚባለው ይኸው ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከልደታ ተነሥቶ በመርካቶ በኩል ወደ ጳውሎስ የሚዘልቅ ሰው የጄኔራል ዊንጌትን ትምህርት ቤት ያገኛል። አቶ አስፋው የምሩ በልጅነታቸው ብቻቸውን ከቡልጋ አዲስ አበባ ገብተው በጎዳና ያደሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ባገኙ ጊዜ፣ ለራሳቸው የተማሩትን ይዘው በአቅራቢያው በዛፍ ጥላ ሥር የድኾችን ልጆች ማስተማር ጀመሩ። ከዚህም ጅምር በ1950ዎቹ የአሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ተመሠረተ። እርሳቸውም በ1993 ዓ.ም. የዓለም ሕፃናት ሽልማትን ተቀብለዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ የዲግሪ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ ከእነርሱም የሚበዙት በአስተማሪነት ተመድበዋል። አገልግሎቱ ግዴታ ስለ ነበረ የሀብታሙም የድኻውም ልጅ ይሄዳል፤ መተዳደሪያ አበል ስለሚሰጥም ድኻ ነኝ ብሎ የሚቀር አልነበረም።

የመጀመሪያው ታሪክ የሚያስተምረን፣ ችግርን በራሱ የቀመሰ ወጣት የችግረኛውን ልጅ ልብ ፈጥኖ እንደሚያገኝ ነው። ሁለተኛውም፣ ይህ ወጣት ያገለግል ዘንድ በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ይልቁንም ሥርዓትና አበል እንደሚያሻ ያስረዳናል። ልምምዱ ያለ አንዳች ክፍያ ሲሆን የሚገባበት የታክሲና የምሳ ወጪውን ከቤተሰቡ የሚያገኝ ተማሪ ብቻ ነው። እንግዲህ ልዩነትን ለማጥበብ የቆመ ድርጅት፣ ሳያስበው ያንኑ ልዩነት በገዛ ደጁ ይተክላል ማለት ነው።

ስለዚህ መልካም ልምምድ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛ፣ ለመጓጓዣና ለምግብ የሚበቃ አበል። ሁለተኛ፣ በቂ ጊዜ፤ ይኸውም ተለማማጁ ቢያንስ አንድ የትምህርት መንፈቅ ከእነዚያው ልጆች ጋር እንዲቆይ ነው፤ አስጠኚው በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት ሕፃን ስሙን ሲያስተዋውቅ ይከርማልና። ሦስተኛ፣ ሥራውን እያየ የሚያርመውና የሚመክረው ኀላፊ።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። ወደየመሥሪያ ቤታችሁ የሚመጣው ተለማማጅ ወረቀት ሲያባዛና ፋይል ሲያመላልስ ጊዜው ቢያልቅ፣ ተምሮ ሄደ አይባልም። የልምምዱ ቦታ በዘመድና በትውውቅ የሚሰጥ ከሆነማ፣ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ በብዙ ድካም ዩኒቨርሲቲ ከደረሰ በኋላ እንኳ ሌላ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። ቦታው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሁሉ ቢገለጥ መሥሪያ ቤቱን የሚያስከፍለው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በአንድ ደረጃ የሚወርዱት ሁለት ሕፃናት አንድ ቀን በአንድ የፈተና አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ እስከዚያው ድረስ ከሁለተኛው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ማግኘት የሁላችንም ድርሻ ነው።