ዲኤክሷን ላድሳት ወይስ ልሽጣት?

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንድ ጎረምሳ ከአርባ ዓመት በላይ ባስቆጠረች መኪና ምክንያት ከእጮኛው ጋር ሦስት ሳምንት ተኳርፎ ከረመ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ! ጎረምሳው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ 2017 አንድ ምሽት ነው። ከጓደኛዋ ቅልቅል እየተመለስን ነበር። ዝናቡ ያወርደዋል። ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ 4 ኪሎ ሽቅብ ስንወጣ ዲኤክሷ ማሳል ጀመረች። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ… ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ሞላው። የኋላ መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ከዚያ በቃ፣ ቀጥ! እጮኛዬ ለቅልቅሉ በተጫማችው ጫማ ዝናብ ውስጥ ወርዳ ከሁለት መንገደኞች ጋር መኪና ገፋች። ገፍታ ስትጨርስ ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ወይ እኔን ወይ ይቺን ቆርቆሮ ምረጥ!»

ታክሲ ጠርታ ሄደች። እኔ ከቆርቆሮዬ ጋር ቀረሁ።

እውነቱን ለመናገር ቆርቆሮ መባሏ ከእኔ ይልቅ የሚከፋው አባቴን ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ያቺን ቶዮታ ኮሮላ ያገለገለች ገዝቶ ካዛንቺስ ግቢያችን ያስገባት በ1987 ዓ.ም ነው። የሰፈሩ ሙሽራ በእሷ ተድሯል፣ ምጥ የያዛት ጎረቤት በእሷ ሆስፒታል ደርሳለች። እኔም መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። የተሠራችው በፈረንጆች 1982 ስለሆነ በዕድሜ አሥር ዓመት ከምናምን ትበልጠኛለች፤ አንቱ ሊባልላት ይገባል!

ጉዳዩ ግን የትዝታ ብቻ አይደለም። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የእኛም ግቢ አብሮ ሄደ። እናቴ ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። እኔ ለሥራዬ እንዲቀርበኝ ጨርቆስ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እማዬ ደግሞ ጉልበቷ አይታዘዛትም፣ ኡራኤልን ግን አትተውም። ወር በገባ በ22 ከገላን ጉራ አምጥቼ፣ አስቀድሳ፣ የድሮ ጎረቤቶቿን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስማ መመለስ አለባት። ሰፈሩ ቢፈርስም እነሱ በወር አንድ ቀን እዚያ ይገናኛሉ። በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ አታደርገውም። ስለዚህ መኪና የግድ ነው። ጥያቄው የትኛዋ የሚለው ነው።

እኔና እጮኛዬ በእቁብና በባንክ አጠራቅመን 420 ሺህ ብር አለን። ለሠርግ የታሰበ ነው። የእሷ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ዲኤክሷ ትሸጥ፣ ያለን ይጨመር፣ የጎደለውን አሜሪካ ያለው ወንድሟ ያበድረን፣ ቪትዝ እንግዛ። የእኔ ሐሳብ ደግሞ… እኔ ገና አላሰብኩም ነበር። ፈርቼ ነው።

ውጪ አገር ያለ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እዚያ መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ አንድ ቀን ጥገናው ከዋጋው ሲበልጥ ወደ ብረት መጣያ ይነዳል፣ አለቀ። እኛ ጋ ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ ታክሱን ከበድ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ቀኑን የማልረሳው ማዘርን ኡራኤል ወስጃት ስለነበር ነው፤ ዜናውን የሰማሁት እዚያው በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት በስልኬ ነው። የቤንዚን ድጎማውም ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። እንግዲህ ይታያችሁ፣ ቀድሞ የገቡት የቤንዚን መኪኖች እርስ በርስ እየተሸጡ ይኖራሉ እንጂ ከውጭ አይተኩም። የእኔ አሮጊት እንኳ ደላላ ፊት ስትቆም 600 ሺህ ብር ተጠራባት። አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር!

ቪትዟን ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያዋ 1 ሚሊዮን 750 ሺህ። ነጭ፣ የምታብረቀርቅ፣ ውስጧ ሽቶ ሽቶ የሚል። ደላላው «ሴት ናት የነዳቻት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ» አለኝ። (ይቺን አባባል ያልሰማ መኪና ገዢ ካለ እጁን ያውጣ።) ቀብድ ልከፍል ስል የቤታችን የድሮ መካኒክ ትዝ አለኝና ደወልኩለት።

ጋሼ የምለው ይህ ሰው ካዛንቺስ ከእኛ ቤት ኋላ ጋራዥ ነበረው። ሰፈሩ ሲፈርስ መፍቻዎቹን በጋሪ ጭኖ ቄራ አካባቢ ዘመዱ ግቢ ጥግ ተጠግቷል። ሥራውን ልጅ ሆኖ የጀመረ ስለሆነ ከእሱ ጋር ማውራት ጣሊያንኛ እንደመማር ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ… ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱስ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች የመጣ አይደል?

ጋሼ ቪትዟን አስር ደቂቃ አላያትም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ የፊት ብረቷን በጣቱ ዳሰሰና «ይቺ ተጋጭታ ተበይዳለች» አለ። ብየዳው ቀለም ተቀብቶበት ነበር። ከዚያ ሊብሬውን ተቀብሎ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበ፤ ልክ ናቸው። «አሁን እገዳ እንዳለባት አስጣራ» አለኝ። ሳስጣራ የባንክ ብድር እገዳ አለባት! ደላላው «ይነሳል፣ ቀላል ነው» አለ። ለእሱ ቀላል ሊሆን ይችላል። እገዳው ሳይነሳ ውልና ማስረጃ ሄጄ ስሟን ወደ እኔ ማዛወር አልችልም። ቀብዴን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እያለቀስኩ ነበር።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ይቺን ብቻ ያዙልኝ፤ ቀለም አትዩ። ሊብሬውንና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አስተያዩ፣ እገዳ አስጣሩ፣ ቀረጥ የተከፈለባት መሆኗን አረጋግጡ፣ የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የደላላው መካኒክ የደላላው ነው።

ታዲያ ያን ዕለት ጋሼ ወደ ዲኤክሷ ዞሮ «እሷንስ አሳየኝ» አለ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ኮምፕሬሽን ለካ። አራት ሲሊንደር ናት፤ ሁለቱ ደህና፣ ሁለቱ ወድቀዋል። ቀጥሎ ያደረገው ገረመኝ። በወደቁት ሲሊንደሮች በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ለካቸው። ልኬቱ ወጣ! ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ከወጣ የተበላው የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ባይወጣ ኖሮ ቫልቩን እንጠረጥር ነበር ብሎ አስረዳኝ። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ጭስ ካያችሁ ውኃ ነው፣ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥሩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል።

ሌላም ነገር ነገረኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው። ያልተበላ ጤነኛ ሞተር እንኳ እዚህ ሲመጣ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባለ ካርቡራተር ከሆነ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። 1,300 ሲሲ የማትሞላ ሞተር፣ ፋሻዋ ተበልቶ፣ ካርቡራተሯ ሳይስተካከል፣ የ4 ኪሎን ዳገት ሁለት ሰው ይዛ… እኔ ብሆን ቀድሜ እተኛ ነበር።

ጓደኛዬ የተባለው ጉደኛ ደግሞ ሐሳብ አመጣ። «ሞተሯን አውጣና የላይትኤስን ባለ 1,500 ሲሲ ግጠምባት፣ ያው አንድ ቤተሰብ ናቸው!» እውነት ነው፣ ፋይቭ ኬ የሚባለው ሞተር በፎር ኬው ቦታ ብዙም ሳይቸግር ይገባል። ልቤ ቋምጦ ነበር። ጋሼ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ልጅ፣ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬህ ላይ ተጽፏል። የምታስገባው ሞተር ሕጋዊ ሰነድ ከሌለው ቦሎ ስትሄድ ምን ልትል ነው? ልትሸጥስ ብትል?» ሐሳቡ እዚያው ሞተ። ያ ጓደኛዬ አልተሸነፈም፤ በሳምንቱ «የኤሌክትሪክ ግዛ» ብሎ መጣ። በ2014 ከኤክሳይዝ ታክስ ነጻ ከተደረጉ ወዲህ ከተማውን እየሞሉት መሆኑን እኔም በዓይኔ አያለሁ፣ ዳገትም አይፈሩም። ግን እኔ ጨርቆስ አንድ ቆጣሪ ከአራት ተከራይ ጋር የምጋራ ሰው ነኝ። ሌሊት መኪና ቻርጅ ሳደርግ አከራዬ እትዬ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ገንዘቡም የለኝ።

ሌሊት ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። ዲኤክሷ ብትጠገን በሊትር 9 ኪሎ ሜትር፣ ቪትዝ 14 ትሄዳለች ብዬ ያዝኩ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብነዳ ልዩነቱ አንድ ሊትር ከምናምን ነው፣ በዓመት 430 ሊትር ገደማ። ሊትሩን 130 ብር ባደርገው 56 ሺህ ብር አካባቢ ይቆጥብልኛል። ዲኤክሷን ሸጬ ቪትዝ ለመግዛት የምጨምረው ግን 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ነው። በቤንዚን ቁጠባ ብቻ ልመልሰው ብል ሃያ ዓመት! ከዚያ ውስጥ ደግሞ 730 ሺው የሰው ብድር ነው። የሠርጋችን ገንዘብም እዚያው ገብቶ ቀረ ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ እጮኛዬ ዘንድ ሄድኩ። ካዛንቺስ ሳትፈርስ እንገናኝባት የነበረችው ቡና ቤት የለችም፣ ስለዚህ ኡራኤል አካባቢ ሌላ ቦታ ተቀመጥን። አንብባ ስትጨርስ «ሒሳቡ ልክ ነው» አለች። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች። «ግን እዚህ ወረቀት ላይ ፍሬኗ የታለ? ያን ማታ ዳገት ላይ ቆማ ወደ ኋላ ብትንሸራተት ኖሮ ያ ኋላችን የነበረው አውቶቡስ የሚያቆመን ስንት ብር ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ድረስ ስለ ሞተር ብቻ ነበር የማስበው። ልጅቷ የጠላችው አሮጌነቷን ሳይሆን ያን ማታ መፍራቷን ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተኳረፍነው እኔ አባቴን የሰደበች መስሎኝ ነው።

ተስማማን። ለመኪናው ከ150 ሺህ ብር አንድ ሳንቲም እንዳያልፍ፣ ሥራው ከፍሬን፣ ከመሪና ከጎማ እንዲጀምር፣ ቀለም እንዳይነካ። ጋሼም ቅደም ተከተሉን ወደደው፤ «ቀለም የሚያስቀድም ሰው ሊሸጥ ነው» ይላል።

ሁለት ሳምንት ያለው ሁለት ወር ሆነ። ሞተሩ ወረደ። የተበላው ሲሊንደር ቶርኖ ቤት ተፍቆ ሰፋ፣ ተለቅ ያለ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ገባ፣ ብሮንዚናው ተቀየረ፣ ቴስታታው ተላገ። ለፒስተኖቹ ሱማሌ ተራ አራት ቀን ተመላልሻለሁ። አንዱ ሱቅ «ኦርጅናል» ብሎ የሸጠልኝን ፋሻ ጋሼ በጣቱ አጠፍ አድርጎ አየውና «መልስ» አለኝ። አልተመለሰልኝም። ወለሉን ሲያነሱት ደግሞ ከሾፌሩ እግር ሥር ዝገት በልቶት መሬቱ ይታያል፤ ባትላሜራ ተጠርቶ ተበየደ። ሲደመር 187 ሺህ። ውሉ በ37 ሺህ ፈረሰ። ይህን ለእጮኛዬ የነገርኳት በስልክ ነው፣ ፊቷን እንዳላይ።

ባለፈው በ22 ሦስታችን ሄድን። ማዘርን ከገላን ጉራ አመጣናት። አስቀድሳ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ተቃቅፋ፣ ትንሽም አልቅሳ ተመለሰች። እጮኛዬ «በዚያ ዳገት አውጣን» አለችኝ። ከመስቀል አደባባይ ተነሳሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፣ በመስታወት ኋላዬን አያለሁ፣ ጭስ የለም። ሁለተኛ እንኳ ሳልቀይር 4 ኪሎ ወጣን። እማዬ «አባትህ እንዲህ ነበር የሚነዳት» አለች። ልቤ ሞቅ አለ።

እጮኛዬ ግን ወደ ኋላ ወንበር ዞራ የሆነ ነገር በእጇ ትፈልጋለች።

«ምን ጠፋሽ?» አልኳት።

«እዚህ ኋላ ቀበቶ የለም እንዴ? የልጅ ወንበር በምን ነው የሚታሰረው?»

ማዘር ዝም። እኔም ዝም። በማግስቱ ለጋሼ ደወልኩለት። ትንሽ አስቦ «ማሰሪያ ብረቱን እበይድልሃለሁ። ቀበቶውን ሱማሌ ተራ ፈልግ፣ አሮጌ እንዳይሸጡልህ» አለኝ።