ፊፋን የረታው አንድ ሰውና የአስር ደቂቃው ፈተና

እ.ኤ.አ. ማርች 2013፣ ለንደን። የእንግሊዙ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ባፍታ የዓመቱን ምርጥ የስፖርት ጌም ሊሸልም ነው። ከእጩዎቹ መካከል ፊፋ 13 አለ። ፎርዛ ሆራይዘን አለ። ኤፍ ዋን 2012 አለ። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ትልቅ ኩባንያ፣ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ተሰልፏል። ጥግ ላይ ደግሞ ኒው ስታር ሶከር የሚባል የሞባይል ጌም አለ፤ ሠሪው ሳይመን ሪድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አሸናፊው ሲጠራ ፊፋ አልነበረም። ኒው ስታር ሶከር ነበር!

ለኳስ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የሰፈር ቡድን በጥሎ ማለፍ ጊዮርጊስን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ እንደማለት ነው። ያውም ተጫዋቹም፣ አሰልጣኙም፣ ወጌሻውም አንድ ሰው ሆኖ ማለት ይቻላል።

ድሉ ግን በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ኒው ስታር ሶከር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ እስከ ዋንጫው አስር ዓመት አለ። ሽልማቱን ባመጣው የሞባይል ጌም ውስጥ አስራ አንድ ተጫዋች ማዘዝ የለም። አንድ ልጅ ነህ፤ ኳስ ይደርስሃል፤ በጣትህ መስመር ትስባለህ፤ ከዚያ ኳሷን የቱ ጋ እንደምትመታት ትነካለህ። ገባች ወይ ወጣች፣ በቃ። የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በአስር ሰከንድ ይገባዋል።

ይቺ አስር ሰከንድ ቀልድ አይደለችም። በትርፍ ሰዓቱ ጌም የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚፈተነው እሷ ላይ ነው። በተለይ ጌሙን ተሸክሞ ወደ ኤግዚቢሽን የወጣ ቀን።

የልምምድ ሜዳ ኮከብ

እንዲህ ዓይነቱ ጌም ሠሪ ብዙውን ጊዜ ቀን ሌላ ሥራ አለው። ማታ ራቱን በልቶ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። እናቱ ወይ ሚስቱ «አትተኛም እንዴ?» ትለዋለች። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት እንዲህ ይሄዳል። ጌሙን የሚያውቁት እሱና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ጓደኞቹ ደግሞ «ቆንጆ ነው» ይላሉ። ጓደኛ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?

ኤግዚቢሽን ግን ጓደኛ አያውቅም። በጀርመን ኮሎኝ በየዓመቱ የሚካሄደው ጌምስኮም እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 373 ሺህ የሚጠጋ ጎብኚ አስተናግዷል። በ2004 በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ የተጀመረው ፓክስም ሕዝብ የሚያጥለቀልቀው ነው። ኮሎኝ ላይ ከ2013 ጀምሮ ኢንዲ አሬና ቡዝ የሚባል ለትንንሽ ጌም ሠሪዎች የተዘጋጀ የጋራ ማሳያ አለ። እዚያ ለያንዳንዱ ጠባብ ቦታ ይደርሰዋል፤ ጌሙን ዘርግቶ ይቆማል። በሌላ በኩል የትልልቆቹ ኩባንያዎች ግዙፍ ስክሪን ይጮሃል። ጎብኚው እየተጋፋ ያልፋል፣ ዓይኑን ይጥላል፣ ካልሳበው ይሄዳል። ከሳበው ይቀመጣል፤ እሱም ቢሆን ቢበዛ አስር ደቂቃ ነው።

በልምምድ ሁሉንም እያለፈ የሚያገባ፣ የጨዋታ ቀን ግን እግሩ የሚተሳሰር ተጫዋች የማያውቅ ደጋፊ የለም። ጌምም እንደዚያው ነው።

የዝግጅቱ የመጀመሪያ ሥራ መጨመር ሳይሆን መቁረጥ ነው። ልጁ ሰላሳ ሌቭል ሠርቷል እንበል። እዚያ ትርምስ ውስጥ ሰላሳ ሌቭል የሚጫወት የለም። ስለዚህ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ የሚያልቅ ማሳያ ለብቻው ይሠራል፤ ዴሞ የሚሉት እሱን ነው። ሦስት ወር የተለፋበት የመግቢያ ታሪክ ይወጣል። ረጅሙ ጽሑፍ ይወጣል፤ ቆሞ የሚያነብ የለማ! ከመሐል ያለው ምርጡ ክፍል ተመዞ፣ ቀለል ተደርጎ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህ ያማል። አሰልጣኝ ከታዳጊ ጀምሮ ያሳደገውን ልጅ በፍጻሜ ጨዋታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲያስቀምጠው እንደሚያመው። ግን ይደረጋል።

ቀጥሎ ጌሙ ራሱን በራሱ እንዲያስነሳ ማድረግ ነው። አንዱ ግማሽ ላይ ጥሎት ሲሄድ ቀጣዩ ሰው የሌላ ሰው ጨዋታ መሐል መግባት የለበትም። ስለዚህ ጆይስቲኩን ለአንድ ደቂቃ ያህል የነካው ከሌለ፣ ጌሙ ወደ መነሻው ተመልሶ ብቻውን እየተጫወተ አላፊ አግዳሚውን እንዲጠራ ይደረጋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ይህን ሳይሠራ የሄደ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያለ ሪስታርት ሲያደርግ ይውላል።

የጎብኚው ጣት ደግሞ አለ። የማይነካው ቁልፍ የለም። ከጌሙ ወጥቶ የላፕቶፑ ፎቶዎች ውስጥ ሲዞር የሚገኝ ሕፃን አይጠፋም፤ ስለዚህ መውጫው ሁሉ ይዘጋል። ኢንተርኔቱም ይጠፋል፤ አለበለዚያ ልክ ጎል ሊገባ ሲል ኮምፒውተሩ «አፕዴት ላድርግ» ብሎ ስክሪኑን ይሸፍነዋል።

ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ጌሙ ላይ አዲስ ነገር መጨመር ክልክል ነው። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም ይጨምራል። ጠዋት በሩ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ጎብኚ ጆይስቲኩን ሲያነሳ፣ ጌሙ ስታክ! ያኔ የሚያድነው በፍላሽ ተይዞ የሄደው የቆየውና የተፈተነው ቅጂ ነው።

ቦርሳውስ? ትርፍ ላፕቶፕ፣ ትርፍ ጆይስቲክ፣ ትርፍ የስክሪን ገመድ፣ ዲቫይደር፣ የዚያን አገር ሶኬት የሚቀበል መቀየሪያ፣ ባነር፣ ባነሩ ሲወድቅ ፕላስተር፣ በመቶ እጅ የታሸውን ጆይስቲክ መጥረጊያ፣ ለጉሮሮ ከረሜላ። ጫማ ላይ አይቀለድም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ መዋል ነው፣ ለሦስትና ለአራት ቀን። የቦታ ኪራዩ፣ የአውሮፕላኑ፣ የአልጋው ሒሳብ ሲደመር ደግሞ ጌሙ ገና ሳንቲም ሳያመጣ የልጁን ቁጠባ ጨርሶታል። ፓስፖርቱ የአፍሪካ ወይም የላቲን አሜሪካ ለሆነ ሠሪ ከዲቫይደሩም በፊት ቪዛ የሚባል ነገር አለ። ግብዣው ደርሶት፣ ጠረጴዛው ስሙ ተጽፎበት፣ እሱ ግን አገሩ የሚቀር አይጠፋም።

«ኤክስ በለው እንጂ!»

ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ያውቀዋል። ጀማሪ ጆይስቲክ ከያዘ ከኋላው የቆመው ሁሉ አሰልጣኝ ነው። «አቀብል! ኤክስ በለው እንጂ! አምጣው እኔ ላሳይህ!» ብሎ ይነጥቃል።

ኤግዚቢሽን ላይ የቆመ ጌም ሠሪ ከሁሉም የሚከብደው ይህን አለማድረግ ነው። ሦስት ዓመት የለፋበትን ጌም አንድ የማያውቀው ሰው ግድግዳ ጋር ሲያጋጨው ያያል። በሩ በስተቀኝ ነው፤ ሰውየው ግራውን ይዞ ይዞራል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። «በስተቀኝ!» ማለት ይቀላል። ግን ጌሙ ነገ ተሸጦ ሰው ቤት ሲገባ ከሶፋው ጀርባ ቆሞ «በስተቀኝ» የሚል አይኖርም። ስለዚህ አፉን ዘግቶ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ «በሩ አይታይም»። አስረኛው ሰውም እዚያው ከጠፋ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም። የጎብኚ አፍ «አሪፍ ነው» ማለቱ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ፊት ለፊት የቆመን ሰው ሥራህ አይረባም የሚል ጨካኝ የለም። የሚታመነው እጁ ነው። ጆይስቲኩን ስንተኛው ደቂቃ ላይ አስቀመጠ? ተሸንፎ «አንዴ ልድገመው» አለ ወይስ ዓይኑን ስልኩ ላይ ጣለ?

ማታ ሆቴል ይገባል። እግሩ አብጧል። ቢሆንም ላፕቶፑን ከፍቶ በሩን ቀይ ቀለም ይቀባዋል። በማግስቱ የመጀመሪያው ሰው በሩን በሦስት ሰከንድ ካገኘው፣ ጉዞው ዋጋውን መልሷል።

ተመልካቹ ደጋፊ ሲሆን

ለአዳራሽ የተፈጠሩ የሚመስሉ ጌሞች አሉ። ኒድሆግ አንዱ ነው። ማርክ ኤሰን የሠራው የሁለት ሰው የጎራዴ ግጥሚያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለሚያዘጋጀው ኖ ኳርተር ኤግዚቢሽን ነበር የተሠራው። በ2011 በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል የኑኦቮ ሽልማትን ወሰደ። ለሽያጭ የቀረበው ግን በ2014 ነው። አስቡት፤ ሽልማቱን ከወሰደ በኋላ እንኳን ገበያ እስኪወጣ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

ለኳስ ሰው የሚቀርበው ግን ሆክራ ነው። ራሚሮ ኮርቤታ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚያው ለኖ ኳርተር ያዘጋጀው ጌም ነው። ሁለት ለሁለት፤ ሜዳ፣ አንድ ኳስ፣ ተጫዋች ተብለው የሚሮጡ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች። ፊት የለ፣ ማልያ የለ፣ ሜሲ የለ። ማቀበል፣ መንጠቅ፣ መሮጥ ብቻ። አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ሲጫወት ከኋላ የቆመው ማን እየመራ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል፤ ወገን ይይዛል፣ ይጮሃል፣ ጩኸቱ ሌላ ሰው ይጠራል። በ2014 ስፖርትስፍሬንድስ በሚል ስብስብ ከሌሎች ሦስት ጌሞች ጋር በፕሌይስቴሽን ወጥቷል። ባነር ምንም ያህል ቢያምር ጎል ሲገባ የሚጮህ ሰውን አያህልም።

ችግሩ ሁሉም ጌም ሆክራ አለመሆኑ ነው።

ዴስፔሎቴን እንውሰድ። ሁሊያን ኮርዴሮና ሴባስቲያን ባልቡዌና ያዘጋጁት የኢኳዶር ጌም ነው። ታሪኩ በ2001 ኪቶ ውስጥ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች፣ እንግዳ ቡድን ትንፋሽ የሚያጥረው ከተማ፣ 2,850 ሜትር። በዚያ ዓመት ማርች ላይ ብራዚል እንኳን መጥታ በአጉስቲን ዴልጋዶ ጎል 1 ለ 0 ተሸንፋ ተመልሳለች። ኢኳዶር ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ልታልፍ ነው፤ አገሩ አብዷል። ተጫዋቹ ግን ዴልጋዶን አይሆንም። የስምንት ዓመቱን ሁሊያንን ሆኖ ፓርክ ውስጥ ኳስ እየገፋ ይዞራል፤ ጨዋታው በየቤቱና በየሱቁ ቴሌቪዥን ይታያል፣ ሰው ያወራል፣ ቤት በሰዓቱ ግባ ተብሏል። ማሸነፍና መሸነፍ የሚባል ነገር እምብዛም የለውም። ያለው ድምፅ ነው፦ የሰፈሩ ወሬ፣ የኮሜንታተሩ ጩኸት፣ የኳሱ ነጥሮ መመለስ።

ይህን ጌም አዳራሽ ውስጥ ማሳየት ሹክሹክታን ስታዲየም ውስጥ እንደማሰማት ነው። አስር ሰከንድ አይበቃውም። ከኋላ የቆመም ብዙ አያገኝበትም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2023 በኒውዮርኩ ትራይቤካ ፌስቲቫል ከተመረጡት ጌሞች አንዱ ሆኗል፤ ሜይ 1 ቀን 2025 ደግሞ ለሽያጭ ወጥቷል። የጌሙ መግቢያ ላይ ያለችው ነገር ደግሞ ለኤግዚቢሽን የታሰበች ነው የምትመስለው። ሁሊያን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ቲኖ ቲኒስ ሶከር 99 የሚባል የፈጠራ የኳስ ጌም ይጫወታል፤ የአሮጌዎቹ የኳስ ጌሞች ዘመድ ነው። ጌም ውስጥ ጌም! ፊፋና ፔስ የለመደ ሰው ሳያስበው ጆይስቲኩን ይዞ ኳስ መምታት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፓርኩ የሚወጣው።

ኖቬምበር 7 ቀን 2001 በኪቶው አታዋልፓ ስታዲየም ኡራጓይ በኒኮላስ ኦሊቬራ ፍጹም ቅጣት ምት ቀድማ ነበር። በ72ኛው ደቂቃ ሃይሜ ኢቫን ካቪዴስ በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ፤ 1 ለ 1፤ ኢኳዶር አለፈች። የዚያን ከሰዓት ጩኸት ከልጅ ጆሮ ለማሰማት ለሚነሳ ጌም ከባነሩም ከዲቫይደሩም ቀድሞ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ጥሩ ሄድፎን ነው። ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ በመጀመሪያው ቀን ይበጠሳል።