ማዕቀብ ሰላ ድንጋይ ይደርሳል ወይ?

የበይነ መረብ ተቃውሞን በሚቆጣጠሩ የመንግሥት ተቋማት ላይ ስለሚጣል ማዕቀብ ለሕግ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ጽሑፋዊ ቅጂ



ማዕቀብ ለኢትዮጵያውያን የመጽሐፍ ቃል ብቻ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አገራችንን በወረረችው ኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። የጦር መሣሪያ ሽያጭን፣ ብድርንና ከኢጣልያ የሚገዛ ሸቀጥን ከለከለ። ነዳጅን ግን አልከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ ካሚዮንና አውሮፕላን የሚንቀሳቀሰው በነዳጅ ስለነበር ወረራው ቀጠለ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ ማዕቀቡ ተነሣ። ከዚያ ታሪክ ለዛሬው ርእሴ የምወስደው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ማዕቀብ የተጣለበት አካል የሚሠራው በምንድን ነው? የተከለከለውስ እሱ ነው ወይ?

የዛሬው ተከሳሽ ጦር አይደለም። ዜጋ በስልኩ የሚጽፈውን የሚከታተል፣ ድረ ገጽ የሚዘጋ፣ የጻፈውን ሰው ለፖሊስ የሚያመላክት መሥሪያ ቤት ነው። እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ላይ ስም ጠርቶ ማዕቀብ መጣል የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ በኢራንና በሶርያ የመገናኛ ቴክኖሎጂን ለከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚያውሉ አካላትን የሚመለከት አስፈጻሚ ትእዛዝ፣ ቁጥር 13606፣ ፈረሙ። በየካቲት 2013 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የኢራንን የሳይበር ፖሊስ በዝርዝሩ አስገባ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሳታር ቤሄሽቲ የተባለ ጦማሪ በዚያ ፖሊስ እጅ ሳለ ሞቶ ነበር።

በዝርዝር መግባት ማለት በሕግ ረገድ ምን ማለት ነው? በአሜሪካ ሥልጣን ሥር ያለ ንብረት ይታገዳል፤ ማንኛውም አሜሪካዊ ሰው ወይም ድርጅት ከተቋሙ ጋር መገበያየት አይችልም፤ ዝርዝር ውስጥ ያሉ አካላት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የያዙት ድርጅትም ስሙ ባይጠራም ይታገዳል። ከሕጉ በላይ ግን ክብደት ያለው የባንኮች ፍርሃት ነው። የዶላር ክፍያ በአብዛኛው በኒውዮርክ ስለሚያልፍ፣ ሕጉ የማይከለክለውን ክፍያ ሳይቀር ባንኮች «ለምን ጣጣ ውስጥ እንገባለን» ብለው ይመልሱታል። የፍርሃቱ ዳፋ ለተራው ሰው ይተርፋል። ኢራናውያን ተማሪዎች የአሜሪካ ሶፍትዌር ማውረድና የኢንተርኔት አገልግሎት መግዛት እየተሳናቸው መጣ። ስለዚህ ግምጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ለግል መገናኛ የሚውሉ ስልኮችና ሶፍትዌሮችን የሚፈቅድ አጠቃላይ ፈቃድ ለማውጣት ተገደደ፤ በመስከረም 2022 ደግሞ አሰፋው። ሳንሱርን ለመቅጣት የወጣ እርምጃ የሳንሱር ማምለጫውን እንዳይዘጋ ሌላ ሰነድ አስፈለገው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ዛሬ አስተዳደር የሚባለው፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 130/1999 ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዐቢይ አሕመድ ነበሩ። ቀጥሎ ሕጎቹ መጡ፦ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስድስቱና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ገጽታ የኢሜይል ልውውጥን መጠበቂያ ዘዴ መሠልጠናቸው ነበር። በር መቆለፍን እንደ ሌብነት ማስረጃ የመቁጠር ያህል ነው፤ ይህን በወንጀል ሕግ ክፍል የምታስተምሩ ብትወያዩበት እወዳለሁ።

ሕጉ የእኛ ነበር፤ መሣሪያው ግን ከውጭ የተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በሁለት የኢሳት ባልደረቦች ላይ ሦስት የስለላ ሶፍትዌር ሙከራዎች ተደረጉ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ፋይሎቹን መርምሮ ሃኪንግ ቲም የተባለው የሚላኖ ኩባንያ ምርት መሆናቸውን በየካቲት 2014 አስታወቀ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስተባበለ። በሐምሌ 2015 ግን ኩባንያው ራሱ ተሰርስሮ ከ400 ጊጋባይት በላይ ሰነዱ ለዓለም ተበተነ፤ ከሰነዶቹም መካከል ኤጀንሲው በ2012 ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን የሚያሳይ ተገኘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኤጀንሲው ላይ በዚህ ምክንያት ማዕቀብ የጣለ መንግሥት አልነበረም። በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም፣ ኮምፒዩተሩ ፊንፊሸር በተባለ ሌላ ሶፍትዌር ለወራት ተጠልፎ የስካይፕ ንግግሩ ሳይቀር መቀዳቱን ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ክሱን ውድቅ ያደረገው አልተሰለለም በሚል አይደለም። የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ የሚለየው ጉዳት ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ነው፤ እዚህ ግን ሐሳቡም ትእዛዙም ከውጭ የመነጨ ነው አለ። በሌላ አነጋገር፣ ሰላዩ ከአገሩ ሳይወጣ በመሰለሉ ተጠቀመ።

የዲያስፖራው ማኅበረሰብ በበኩሉ ለዓመታት የታገለለት ኤች አር 128 የተባለው ውሳኔ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2018 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። በግሎባል ማግኒትስኪ ሕግ መሠረት ግድያና ማሠቃየት በፈጸሙ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ጠይቋል፤ አስገዳጅ ኃይል ግን አልነበረውም። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ስምንት ቀናቸው ነበር። በዚያው ክረምት መግቢያ 264 ድረ ገጾችና ጣቢያዎች፣ ኢሳትን ጨምሮ፣ እንደተከፈቱ ተነገረ። የከፈታቸው በዋናነት የአገር ውስጥ ንቅናቄ እንጂ የዋሽንግተን ወረቀት አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ የማይስማሙኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

በእኛ ጉዳይ ላይ በእውነት የወጣው የማዕቀብ ሰነድ አስፈጻሚ ትእዛዝ ቁጥር 14046 ነው፤ በመስከረም 2021 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የተፈረመ። በኅዳር ወር በዝርዝሩ የገቡት የኤርትራ መከላከያ ሠራዊት፣ ገዢው ፓርቲ፣ ሁለት የንግድ ድርጅቶችና ሁለት ባለሥልጣናት ናቸው። የኢትዮጵያ ተቋም አልነበረበትም፤ የኢንተርኔት ጉዳይም ዋና ርእሱ አልነበረም። ኢትዮጵያን የነካው ከጥር 2022 ጀምሮ ከአጎዋ የንግድ ዕድል መሰረዟ ነው፤ ዱላው ያረፈው በአልባሳት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ሆነ።

እንግዲህ የነዳጁን ጥያቄ እዚህ ላይ እናንሣ። የኤጀንሲው ስም ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ምን ይሆን ነበር? በመንግሥት በጀት የሚተዳደር መሥሪያ ቤት ነው፤ በኒውዮርክ የሚታገድ ሒሳብ ይኖረዋል ብዬ አላስብም። ላይ ላዩን የሚደርስበት ውርደት ነው፤ እሱም ወደ ክብር ሊለወጥ ይችላል። ይኸው ተቋም በሰኔ 2020 በሕዳሴው ግድብ ሰበብ ከግብፅ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። «ግድባችንን የሚጠብቀውን ቀጡት» የሚለው ወሬ ስንት ሰው እንደሚያሰልፍ መገመት አይከብድም።

የሚጎዳው ሻጩን መያዝ ነው። የኢጣልያ መንግሥት በ2016 የሃኪንግ ቲምን ጠቅላላ የኤክስፖርት ፈቃድ ሰርዞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚሸጠው ሁሉ የየብቻ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገደደው። አሜሪካ በኅዳር 2021 የእስራኤሎቹን ኤን ኤስ ኦንና ካንዲሩን በንግድ ክልከላ መዝገብ አስገባች፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ በኢንቴሌክሳና በሰዎቹ ላይ የገንዘብ ማዕቀብ ጣለች። ኩባንያ ባንክ፣ ባለአክሲዮንና ሌላ ደንበኛ ስላለው ይፈራል። ይሁንና አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው እንደሚከፈት ከእኛው ታሪክ ታይቷል፦ በታኅሣሥ 2017 ሲቲዝን ላብ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ያሉ ኦፕሬተሮች የእስራኤሉን ሳይበርቢት ምርት በሐሰተኛ የአዶቤ ፍላሽ ማደሻ ሸፍነው በሃያ ያህል አገሮች በሚገኙ ሰዎች ላይ ሲጠቀሙበት ተገኝተዋል። ሻጩ አገር ተባብሮ ካልዘጋ መዝጋቱ ገበያ ማዛወር ብቻ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ስለላ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ግን ምንም ነዳጅ ከውጭ አይፈልግም። ከዚህ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ወጣ ብላ የሞጃና ወደራዋን ሰላ ድንጋይን አስቡ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእናታቸው የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች። በዚያ ዘመን ከቆላው በአልዩ አምባ በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣ እንግዳ ከኬላ ቆሞ የንጉሡን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወራትንም አስቆጠረ። ኬላው ተመለሰ፤ የአሁኑ ግን ማለፊያ የሚጠየቅበት ዘበኛ እንኳ የለውም።

በሰላ ድንጋይ ያለ መምህር በዚያ ጊዜ ማንም አልሰለለውም ይሆናል። መሰለል አላስፈለገም። ትችቱን ብቻ ሳይሆን የተማሪውን የማመልከቻ ቅጽና ለወንድሙ የሚልከውን ፎቶግራፍም አንድ ላይ ዘግቶታል። ለዚህ ሥራ የሚላኖ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ለአገልግሎት ሰጪው የሚተላለፍ ትእዛዝ ይበቃል። እዚህ ላይ ማዕቀብ ጣዩ ሊመታ የሚችለው ኢትዮ ቴሌኮምን ነው። ኢትዮ ቴሌኮምን መምታት ግን መምህሩን ሁለተኛ ጊዜ መቅጣት ነው፤ መልእክቱም ቴሌብሩም የሚያልፉት በዚያው መረብ ነውና። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ማዕቀብ አልደግፍም።

ታዲያ መቋረጥን ማን ይጠይቀው? በሰኔ 2020 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት፣ የቶጎ መንግሥት በ2017 የተቃውሞ ሰልፎች ወቅት ኢንተርኔት ማቋረጡ ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥሰት ነው ብሎ ለከሳሾቹ ካሳ ፈረደ። የፍርዱ አንኳር ቀላል ነው፦ መንግሥት የብሔራዊ ደኅንነት ምክንያት ቢያቀርብም መቋረጡን የሚፈቅድ ሕግ ማሳየት አልቻለም። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ግን ሐሳብን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። የሰላ ድንጋዩ መምህር የመጀመሪያ ጥያቄም ይኸው ሊሆን ይችላል፦ ኢንተርኔቱን ያቋረጠው ትእዛዝ በየትኛው ሕግ ቁጥር፣ በማን ፊርማ ወጣ? አዋጁ ከታወጀ በኋላ ያለውን ጊዜ መንግሥት በአዋጁ ሊመልስ ይሞክር ይሆናል። አዋጁ ከመታወጁ በፊት ስለተቋረጠው ግን ክስ አዘጋጁ ብትባሉ አቤቱታውን ለየትኛው ችሎት፣ በማን ላይ ታቀርቡታላችሁ? ከዕረፍት በኋላ መልሳችሁን እሰማለሁ።