ራጅ ታዘዘልን፤ ከዚያስ? የሕክምና ምስልና ባለሙያዎቹ



ከዝቋላ ወይም ከደሃና ገጠር ተነስቶ ሰቆጣ፣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚደርስ በሽተኛ ለመንገዱ ፍየል ሸጦ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ካዘዘለት ደግሞ ጉዞው እስከ ደሴ ወይም ባህር ዳር ሊረዝም ይችላል። ይህን ሁሉ ደክሞ ውጤቱን ሳይዝ የሚመለስ፣ የተነሳውን ጥሎ ሌላ ከተማ ላይ ዳግም የሚከፍል ወገን አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሕክምና ምስልና ስለ ባለሙያዎቹ ልናስተዋውቃችሁ ወደድን።

ራጅ የሚነሳበትን ጨረር ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ከአድዋ ድል አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ለእርሱ ነው። የዋግ ሰዎች በዋግሹም ጓንጉል መሪነት ከዘመቱበት ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ በኢትዮጵያው ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ለማግኘት ኔፕልስ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ ተነሱ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ያገለገለው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል።

ዛሬ መሣሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውም የተለያየ ነው። ራጅ ስብራትንና የሳንባ ሕመምን ያሳያል፤ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየትም ይረዳል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ የራጅ ዓይነት ጨረር የለውም፤ ለነፍሰ ጡር እናት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሲቲ ስካን በራጅ ጨረር አካልን በንብርብር ያነሳል፤ ለጭንቅላት አደጋ ፈጣን ነው፣ ጨረሩ ግን ከደረት ራጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔት ይሠራል፤ አእምሮንና አከርካሪን አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ሳይናገር መግባት የለበትም።

ከመሣሪያው ጀርባ ያሉት ሰዎችስ? ምስሉን የሚያነሳው የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂስት ነው። በሽተኛውን በትክክል ያስተካክላል፣ የጨረሩን መጠን ይወስናል። ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስት ሲሆን፣ እርሱም ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ በዚሁ ሙያ ለተጨማሪ ዓመታት የሠለጠነ ሐኪም ነው። ሕክምናውን የሚወስነው ግን ምስሉን ያዘዘው ሐኪም ነው። ስለዚህ ራጅ መነሳት በራሱ መታከም አይደለም። ውጤቱ ወደ ሐኪሙ ካልተመለሰ የተሸጠችው ፍየል በከንቱ ቀረች ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህን ልብ እንበል፦

አንደኛ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ከመነሳት በፊት እንናገር።

ሁለተኛ፣ "ይህ ምስል ምን ለማወቅ ነው?" ብለን ሐኪሙን እንጠይቅ። በራሳችን ፍላጎት "ሲቲ ስካን ይታዘዝልኝ" ብለን አናስጨንቅ።

ሦስተኛ፣ የአንገት ሐብልና የሂጃብ ስፒል ምስሉ ላይ ጥላ ስለሚጥሉ አስቀድመን እናውልቅ። እህቶቻችን ሴት ባለሙያ ካለች እንድታነሳቸው፣ በአልትራሳውንድ ክፍልም ሴት ዘመድ አብራቸው እንድትሆን ቢጠይቁ ነውር የለውም።

አራተኛ፣ አንዳንድ የሆድ አልትራሳውንድ ምግብ ሳይበሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ውሃ ጠጥተው የሚነሱት ነው። በረመዷን የሚጾም ሰው ይህን ቀጠሮ ሲይዝ ይጠይቅ።

አምስተኛ፣ ፊልሙንና ሪፖርቱን ሳናጥፍ፣ ከውሃና ከጭስ አርቀን እናስቀምጥ። የዛሬ ዓመት ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ አሮጌው ምስል ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ መባሱን ወይም መሻሉን ይናገራል።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ቃል አለን። የተፈጥሮ ሳይንስ የሚማሩ ልጆቻችን፣ በተለይም ሴቶች፣ ይህን ሙያ ይወቁት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገራችን በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። መሣሪያ ተገዝቶ ቢመጣ እንኳ የሚያነሳና የሚያነብ ሰው ከሌለ ክፍሉ ተቆልፎ ይቀመጣል። የዋግን ቆላና ደጋ የሚያውቅ፣ የአካባቢውን ሰው በኽምጣኛም በአማርኛም "ትንፋሽህን ያዝ" ብሎ የሚያረጋጋ ባለሙያ ከዚያው ቢወጣ ለበሽተኛው ትልቅ እፎይታ ነው።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው።