ዘር የሚቆጠርለት ዘይት

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ተተኪ የማይጠብቁ ሽማግሌዎች ሆነዋል። የባለመኪናው ጥያቄም የቱን ልግዛ ከሚለው ይልቅ ያለችኝን እንዴት ላቆያት ወደሚለው ዞሯል። በሞተር ዘይት ላይ ሁሉም አስተያየት አለው፤ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ፣ ኪሎ ሜትሩን ጠብቆ የሚያስቀይር ጥቂት አይደለም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ቀይ ነው ወይ፣ ስንት ነው፣ ጋሎኑ ላይ ሲንቴቲክ ይላል ወይ ተብሎ ነው። ከሦስቱ አንዱም ስለ ካምቢዮው የሚነግረን ነገር የለም። ቀይነቱ እንኳ መኪናዋ ሥር ጠብታ ሲታይ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ ለአሮጌ ካምቢዮ የሚስማማው ዘይት ከሁሉ ውዱ ወይም ከሁሉ አዲሱ ሳይሆን፣ ካምቢዮው ሲነደፍ በመሐንዲሶቹ እጅ ከነበረው ዘይት ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዝምድና እንዳይገኝ ነው፤ እዚህ የሚቆጠረው እንዲገኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰበቃ ነው። የሞተር ዘይት ዋና ሥራ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ መካከል መግባት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ላለው ዘይት የተሰጠው ሥራ ግን እርስ በርሱ ይጣላል። ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ማለስለስ አለበት፤ በዚያው ገንዳ ውስጥ የተነከሩት የፍሪሲዮን ሸራዎች ደግሞ ተነካክሰው እንዲያዙ መፍቀድ አለበት። በዚህ ላይ ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ የሞተሩን ጉልበት የሚያሻግረው፣ በቫልቮቹ ቀጫጭን መንገዶች እየተገፋ ማርሽ የሚቀይረው፣ ሙቀቱንም ወደ ራዲያተር ይዞ የሚወጣው እሱው ነው። ሸራዎቹ ሲገናኙ መጀመሪያ ይንሸራተታሉ፤ ፍጥነታቸው ሲቀራረብ ይያያዛሉ። ከአንድ ሰከንድ ባነሰችው በዚህች ጊዜ ሰበቃው ወደ መጨረሻው ይጨምር ወይስ ይቀንስ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ዘይቱ ውስጥ የገባው ቅመም ነው። መጨረሻ ላይ ካሻቀበ ማርሹ በድንገት ይነክሳል፣ መኪናዋም ትመታለች። ከለዘበ ሳይታወቅ ይገባል። ከመጠን በላይ ከለዘበ ግን ሸራው መያዝ ተስኖት እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ሁለቱ የአሜሪካ ታላላቅ አምራቾች በ1960ዎቹ የተለያዩበት ጉዳይ ነው። ፎርድ "ታይፕ ኤፍ" ባለው ዘይቱ አለዛቢ ቅመም ሳይጨምር ቶሎ የሚነክሰውን መንገድ መረጠ። ጄኔራል ሞተርስ በዴክስሮን ለስላሳውን ያዘ። የየካምቢዮው የሸራ ስፋትና ብዛት፣ የሚጫነውም ግፊት የተሰላው በየራሱ ዘይት ነው። ስለዚህ ለታይፕ ኤፍ የተሠራ ካምቢዮ ዴክስሮን ሲገባበት ሸራዎቹ ለመያዝ ይዘገያሉ፣ በዘገዩም መጠን ይሞቃሉ፤ ተገላቢጦሹ ሲሆን ማርሹ ይመታል። ከሁለቱ ዘይቶች አንዱ መናኛ ሆኖ አይደለም። ሁለቱም ለተጠሩበት ሥራ ምርጥ ነበሩ፤ ቦታ ሲለዋወጡ ነው የሚያጠፉት። "ጥሩ ዘይት" የሚለው አነጋገር "ለየትኛው ካምቢዮ" ካልተባለ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የትውልዱ ቆጠራ ረጅም ነው፤ ዋናውን ግንድ ማወቅ ግን ይበቃል። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የጄኔራል ሞተርሱ ሃይድራማቲክ፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ነው። ኩባንያው በ1949 "ታይፕ ኤ" የተባለውን የዘይት መስፈርት አወጣ፤ በ1967 ዴክስሮን ተከተለ። በእነዚያ ዘመናት ሰበቃውን የሚያለዝበው ቅመም ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን እንስሳ ከመጥፋት የሚጠብቅ ሕግ ስታጸና ኬሚስቶቹ ምትክ ፍለጋ ገቡ። ከተተኪዎቹ አንዱ፣ የመጀመሪያው ዴክስሮን ሁለት፣ ራዲያተር ውስጥ ያለውን የዘይት ማቀዝቀዣ ብየዳ መብላት ጀመረና መስፈርቱ እንደገና ተስተካከለ። ከቅመሙ አንዲት ነገር ስትለወጥ ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ጉዳት ብቅ ማለቱን ልብ ይሏል። ዴክስሮን ሦስት በ1993 መጣ፤ በጃፓንም በኮሪያም ለብዙ ዓመታት የጋራ ቋንቋ ያህል ሆነ። በ2005 ዴክስሮን ስድስት ተከተለው፤ የዴክስሮን ሦስት ፈቃድም በ2006 መጨረሻ ቆመ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ "ዴክስሮን ሦስት" የሚል ጋሎን ሲታይ ጄኔራል ሞተርስ ከበስተጀርባው የለም፤ ስሙ የቀላቃዩ ቃል ብቻ ነው። ይህ ማለት ዘይቱ ሁሉ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ በዚያ መስፈርት ልክ በጥንቃቄ የሚቀምሙ የታወቁ ድርጅቶች አሉ። ዋስትናው ግን ከስሙ ወደ ቀላቃዩ ታማኝነት ተዛውሯል። ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠው ዘይት ደግሞ የሚጠየቅ ቀላቃይ እንኳ የለውም።

በኛ መንገድ የሚበዛው ቶዮታ ነውና የእርሱን መስመር መከተል ይጠቅማል። በ1990ዎቹ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮሮላዎች ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት የሚቀበሉ ናቸው። በኋላ ኩባንያው የራሱን "ታይፕ ቲ" ቤተሰብ አፈራ፤ ከእነዚህ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ቲ አራት ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አልፎ ደግሞ ደብሊው ኤስ የተባለው መጣ። የቲ አራትና የደብሊው ኤስ ትልቁ ልዩነት ውፍረታቸው ነው። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለኩ የመጀመሪያው ወደ 7 ሴንቲስቶክስ ሲጠጋ ሁለተኛው ከ5 ተኩል ብዙም አይርቅም። ቀጭን ዘይት ፓምፑን ስለማያደክም ነዳጅ ይቆጥባል፤ ፋብሪካዎቹ ወደዚያ የተሳቡትም ለዚሁ ነው። ለ7 በተሰላ አሮጌ ካምቢዮ፣ ዕድሜ ባሰፋቸው ቀዳዳዎችና ባደረቃቸው ጎማዎች መካከል ግን ቀጭኑ ዘይት ሾልኮ ያመልጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ኒሳን ማቲክ ዲ፣ ጄ፣ ኤስ እያለ፣ ሚትሱቢሺና ሀዩንዳይ ኤስ ፒ ሦስት እያሉ፣ ሆንዳ ከዜድ አንድ ወደ ዲ ደብሊው አንድ እየተሸጋገረ ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። ሲቪቲ ግን ከዚህ ዝምድና ውጭ ነው። እዚያ ጉልበቱን የሚያሻግረው በሁለት ፑሌዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ ስለሆነ ዘይቱ ብረት በብረት ላይ እንዳይንሸራተት መያዝ አለበት፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ይህን አያደርግም። ችግሩ አንዷ ቪትዝ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ፣ ሌላዋ ሲቪቲ መሆናቸው፣ የሁለቱም የማርሽ ዘንግ ግን ያንኑ ፊደል ማሳየቱ ነው። "የቪትዝ ዘይት ስጠኝ" ብሎ መግዛት ስለዚህ ቁማር ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ዴክስሮን ስድስት በዴክስሮን ሦስት ቦታ ይገባል ብሏልና፣ አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል የሚለው እምነት መሠረት አለው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ዴክስሮን ሦስት 7 ከምናምን ሴንቲስቶክስ ላይ ቢጀምርም ውፍረቱን የሚሰጠው ቅመም በጥርሶቹ መካከል እየተቀጠቀጠ ሲሠራ ይሳሳል፤ ዴክስሮን ስድስት ደግሞ 6 ገደማ ላይ ጀምሮ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ቀጭን የተባለው ከወፍራሙ ወፍሮ ሊገኝ ይችላል። ይህን እቀበላለሁ፤ ለጄኔራል ሞተርስ ካምቢዮዎች ስድስትን መምረጥ ምክንያታዊ ነው። ግን ልብ እንበል፤ መተካት የተፈቀደው ልጅ በአባቱ ቦታ ስለሆነ፣ ፈቃዱንም የሰጠው የቤቱ ጌታ ስለሆነ ነው። ያ ቃል ጄኔራል ሞተርስ ያልነደፈውን የጃፓን ካምቢዮ አያስርም። ቶዮታ በበኩሉ ቲ አራትንና ደብሊው ኤስን አንዱን በሌላው ቦታ አታስገቡ ይላል። መቃወሚያው የዝምድናውን ሕግ ያጸናል እንጂ አይሽረውም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከመደርደሪያው ይነሣል፤ "ለሁሉም ይሆናል" የሚለው ዘይት። ጋሎኑ ጀርባ ላይ የሰላሳና የአርባ መስፈርት ስም ተደርድሮ ሲታይ ዘር ቆጠራው ሁሉ ከንቱ ይመስላል። አንድ ፈሳሽ ግን በአንድ ጊዜ 7 ሴንቲስቶክስም 5 ተኩልም ሊሆን አይችልም፤ ቶሎ የሚነክስም በለስላሳ የሚይዝም አይሆንም። ቀላቃዩ መካከል ላይ ይቆማል። ከዴክስሮን ሦስት ቤተሰብ ብዙ ላልራቁ ካምቢዮዎች ይህ መካከለኛ ቦታ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ይህን መካድ ግትርነት ነው። ዝርዝሩ ወፍራምና ቀጭን ትውልዶችን ወይም ሲቪቲን ጭምር በአንድ ጋሎን ሲያጭቅ ግን ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ጽሑፉንም በቅጡ ማንበብ ያሻል። "ይስማማል" የሚለው የሻጩ አስተያየት ነው፤ "ተፈቅዷል" የሚለው የመኪና አምራቹ ምስክርነት ነው። የቋንቋ ልዩነቱ ትንሽ፣ የኃላፊነት ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አየር ንብረትም የራሱን ይላል። መስፈርቶቹ በየትውልዱ ከተሻሻሉበት አንዱ በ40 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያለው ፈሳሽነት ነው፤ ዴክስሮን ሁለት ሲታደስ በዚያ ብርድ የሚፈቀደው ውፍረት ከ50,000 ሴንቲፖይዝ ወደ 20,000 ወርዷል። ሚኒሶታ ለሚኖር ወገናችን ይህ ቁጥር የጥር ጧት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ለማይመጣ እንግዳ የተነጠፈ አልጋ ነው፤ ለእርሱ ብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም። እኛን የሚያሳስበን ሙቀት ነው። ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ በጭነት ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና፣ ወይም በከተማው ዳገት ላይ በመኪና ሰልፍ እየተጎተተ የሚውል፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ሳይቆልፍ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ዘይቱን ያፈላዋል። መሐንዲሶች በልምድ የያዙት ስሌት አለ፤ ከተለመደው የሥራ ሙቀት በላይ 10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ ዘይቶች መካከል ስንመርጥ ሲንቴቲክ የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ሙቀትን የበለጠ ይችላል። ዝምድናው ከተረጋገጠ በኋላ የሚታይ ብልጫ ነው እንጂ ዝምድናውን የሚተካ አይደለም።

በጋራዥ ደጃፍ የሚሰማው ሦስተኛው መቃወሚያ ደግሞ ምርጫውን ራሱን ያስቀራል፤ "ካምቢዮው እየሠራ ከሆነ አትንካው፣ ዘይቱ ሲቀየር ነው የሚሞተው።" ከዚህ አባባል ጀርባ እውነት አለ። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ከሸራው የተፋቀ ብናኝ ይይዛል፤ ያ ብናኝ ያለቀውን ሸራ እንዲነክስ ይረዳዋል ይባላል፤ አዲሱ ዘይትም የተጋገረውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ወደ ቫልቮቹ ሊወስድ ይችላል። ምክንያትና ውጤቱ የሚገለባበጡበት ግን ይበዛል። ብዙ ሰው ዘይቱን የሚያስቀይረው ማርሽ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ካምቢዮው በታመመበት በሽታ ሲሞት ክሱ መጨረሻ በጎበኘው ሐኪም ላይ ይወድቃል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለውና ካምቢዮው እየተንሸራተተ ከሆነ የትኛውም ጋሎን አያድነውም፤ ገንዘቡን ለጥገና ማስቀመጥ ይሻላል። ሳይንሸራተት የጨለመ ብቻ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ መቀየር ይቻላል። የታችኛው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ከጠቅላላው ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። በየጊዜው 40 በመቶ ይወርዳል ብለን ብናሰላ በአንድ ቅያሪ 40፣ በሁለተኛው 64፣ በሦስተኛው 78 በመቶ አዲስ ይሆናል። ይህ ስሌት ሌላም ነገር ይነግረናል፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ዘይት ከገባ በአንድ ቅያሪ አይወጣም።

ከጃፓን ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣች መኪና መመሪያ መጽሐፏ ወይ የለም፣ ወይ የማናነበው ቋንቋ ነው። ሁለት ምስክሮች ግን ከመኪናዋ አይለዩም። አንደኛው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚፈለገው ዘይት ስም እዚያው ተቀርጿል። ሁለተኛው ኮፈኑ ሥር ወይም በሩ ጎን የሚገኘው የአምራቹ ሰሌዳ ነው፤ የካምቢዮው ኮድ እዚያ አለ፣ በኮዱም ማንኛውም የታወቀ ዘይት አምራች ሰንጠረዥ ውስጥ መፈለግ ይቻላል። የቀድሞው ባለቤት ካምቢዮውን አስቀይሮ ከሆነ ግን ሰሌዳው ይዋሻል፤ የሚታመነው በካምቢዮው አካል ላይ ያለው ምልክት ነው። በአሮጌው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ኮሮላ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር ዘይት አይጋራም፤ የሚጠጣው ያንኑ ዴክስሮን ቢሆንም በራሱ መክፈቻ ነው የሚሞላው። ዘንጉ ላይ ያለው ልክ ሙሉ ሆኖ እያለ ዲፈረንሻሉ ደርቆ ሊሄድ ይችላል።