በመጀመሪያው ቀን የተሰበረው መሪ

ደባርቅና ዳባት የመርከብ ወሬ የሚወራባቸው ከተሞች አይደሉም። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጡ የገብስና የበግ አገር ናቸው፤ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውሃም ጀልባ ሳይሸከም በገደል በገደሉ ተንደርድሮ ተከዜ ይገባል። ከዳባት ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ጎንደርን አልፎ ጎርጎራ የደረሰ መንገደኛ ግን ጣናን ያገኛል። ከጣና ዳር የታጨደ ደንገል ደግሞ ከሃምሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት መርከብ ሆኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተንሳፍፏል። ይህ ታሪክ ሲነሳ የሚወደሰው አብዛኛውን ጊዜ የመርከበኞቹ ድፍረት ነው። የመርከቧ መሪ እንዴት እንደተሰበረና የኋላ አካሏ ለምን እንደሰመጠ ማወቅ ግን የበለጠ ያስተምራል።

የጣና ታንኳ መሪ የለውም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ሲሠሩት የኖሩት ይህ ጀልባ ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእቅፍ በእቅፉ ታስሮ፣ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ቀና እንዲል ተደርጎ የሚበጅ ነው። የሚነዳውም የሚመራውም በዘንግ ወይም በመቅዘፊያ ነው። ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ዘንጉን መሬት አስነክቶ ታንኳውን ወደፈለገበት ያዞረዋል። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ በአዲስ ይተካል። ለሐይቅ ይህ ይበቃል። ዘንግ መሬት በማይነካበት ውቅያኖስ ላይ ግን መሪ የግድ ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1939 ዓ.ም. ኮን-ቲኪ በተባለች የበልሳ እንጨት መንሳፈፊያ ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻግሮ ዓለምን አስገርሞ ነበር። ቀጥሎ ሊፈትን የፈለገው የጥንት ግብፃውያን የደንገል መርከብ አሜሪካ ድረስ መዝለቅ ይችል እንደሆነ ነው። ችግሩ ደንገል በግብፅ የዓባይ ዳርቻ ከጠፋ መቆየቱ ነበር። ስለዚህ ከጣና ታጭዶ ተጭኖ ሄደ። ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች አሰሩት። መርከቧ በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም ራ ተባለች። ደንገል የባሕር ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም የሚሉ አዋቂዎች ነበሩ።

ከሰባት አገር የተውጣጡ ሰባት ሰዎች የተሳፈሩባት ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሳች። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ።

የእነዚህ መቅዘፊያዎች አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። በመርከቧ ኋላ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አጋድለው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ በታችኛው ጫፋቸው ሰፊ ጠፍጣፋ እንጨት አለ። እንደ ተራ መቅዘፊያ ውሃውን አይገፉም፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ በገመድ ታስረው በራሳቸው ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራሉ። ጠፍጣፋው እንጨት ሲዞር ውሃው በጎን ይገፋዋል፣ መርከቧም አፍንጫዋን ትመልሳለች። ማዕበል ከኋላ ሲመታ ግን ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ዘንጉ በታሰረባቸው ቦታዎች ላይ ነው። የዳባት ገበሬ ማረሻው ድንጋይ ሲነክስበት ሞፈሩ ከመጋጠሚያው ላይ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ የራ መሪም የተሰበረው ከባዱን ሸክም በተሸከመበት ቦታ ነው። ባሕር ላይ አናጺ ቤት የለም። መርከበኞቹ የነበራቸውን እንጨትና ገመድ እያቀናጁ፣ እየደገፉና እየጠቀለሉ ጠገኑት፤ መንገዱንም ቀጠሉ።

ዛሬ በፋይበርግላስ በሚሠሩ የሸራ ጀልባዎች ላይም ሕመሙ ያው ነው። ዘመናዊው መሪ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ይመስላል። ውስጡ ግን የማይዝግ ብረት ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጋር የተበየዱ የብረት ክንፎች አሉ፤ ዙሪያቸውን ፎም ይሞላዋል፣ ከላይ የፋይበርግላስ ቆዳ ይለብሳል። ዘንጉ ወደ መሪው በሚገባበት ስንጥቅ ውሃ ይሰርጋል። አየር በማያገኝ እርጥበት ውስጥ የተዘጋ ብረት፣ የማይዝግ ቢባልም፣ ቀስ በቀስ ይበላል። ጠጋኙ በመጀመሪያ ቆዳውን በመዶሻ ቆርቆር ያደርጋል፤ ድምፁ የታፈነበት ቦታ ውስጡ የላላ ነው። ከታች ትንሽ ቀዳዳ ሲበሳ ቡናማ ውሃ ከወረደ የብረቱ ዝገት ተረጋገጠ ማለት ነው። ያኔ ባንዱ በኩል ቆዳው ተቆርጦ ይነሳል፣ የራሰው ፎም ተፍቆ ይወጣል፣ ሁሉም በደንብ ይደርቃል፣ ብረቱ ይበየዳል፣ አዲስ ፎም ይሞላል፤ በመጨረሻ የመስታወት ጨርቅ በኤፖክሲ እየተነከረ ንብርብር በንብርብር ይለብሳል። የድሮው ቆዳ ጠርዝ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ እየሳሳ መሞረድ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይያያዝም። ማድረቁን የቸኮለ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራዋል።

አንዳንድ ጀልባዎች ከመሪው ፊት ስኬግ የሚባል የማይንቀሳቀስ ክንፍ አላቸው። የመሪውን የታችኛውን ጫፍ ይሸከማል፣ ከድንጋይና ከተንሳፋፊ ግንድም ይከላከላል። ጀልባዋ መሬት ስትነካ ግን ስኬጉ ከሆዷ ጋር በተጋጠመበት መስመር ይሰነጠቃል፤ ትንሽ እንኳ ከተጣመመ መሪው ይያዛል። ስለዚህ ፋይበርግላሱ ከመልበሱ በፊት ዘንጉ በእጅ ሲዞር ያለ ምንም ማነቅ መሽከርከሩ ይፈተሻል። ከደረቀ በኋላ ማቃናት አይቻልም።

ወደ ራ እንመለስ። መሪው ቢጠገንም የባሰው ጉዳት ከኋላ እየመጣ ነበር። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የመርከብ ጭራ ወደ መሀል የተወጠረ ገመድ ይታያል። የራ ሠሪዎች ገመዱ የቆልማማው ቅርጽ ማቆያ ብቻ መስሏቸው ሳያስሩት ቀሩ። ሥራው ግን ሌላ ነበር፤ እንደ ውጥር ጅማት ሆኖ የመርከቧን የኋላ ክፍል ከውሃ በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ገመዱ ስላልነበረ የራ ጭራ ዘቀጠ፣ ማዕበል ገባበት፣ ማሰሪያዎቹም እየተፈተጉ ተበጠሱ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ካሪቢያን ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ጥለዋት ወጡ።

በዓመቱ ራ ሁለት ተሠራች። ደንገሉ እንደገና ከኢትዮጵያ መጣ፤ አሠራሩ ግን ተለወጠ። ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የተጠሩት የአይማራ ሠሪዎች ብዙ ትናንሽ እቅፎችን ከማያያዝ ይልቅ ሁለት ግዙፍ ጥቅሎችን አበጁ፣ በመሀላቸው ቀጭን ጥቅል አስገቡ፣ ሁሉንም ተያያዥ በሆነ ረጅም ገመድ አጥብቀው ጠቀለሉ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነስታ በ57 ቀን፣ ሐምሌ 5፣ ባርባዶስ ደረሰች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ቆማለች። የሰሜን ጎንደር ሰው ኖርዌይ ቢሄድ የጎረቤቱን ደንገል እዚያ ያገኘዋል።

ፍርዱ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ራን የጣለው ደንገሉ አይደለም፣ የጎደለው ገመድና አስተሳሰሩ ነው። የደንገሉን ጠባይ የሚያውቁት ደግሞ የታንኳ ሠሪዎቹ ናቸው፤ መቼ እንደሚታጨድ፣ ምን ያህል እንደሚደርቅ፣ የት ላይ እንደሚጠብቅ። ይህ እውቀት በአብዛኛው የተጻፈ አይደለም። ረግረጉ እየታረሰ ነው፣ እምቦጭ የተባለው አረምም ከአሥር ዓመት በላይ ሐይቁን ሲወርር ቆይቷል፣ የብረትና የሞተር ጀልባዎችም ታንኳን እየተኩት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ለዓለም መርከቦች ባለሙያ ያሠለጥናል፤ የጎንደርና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎችም በቅርብ አሉ። ከአጨዳው እስከ መጨረሻው ቋጠሮ አንድ ታንኳ ሲሠራ ሙሉውን በፊልምና በጽሑፍ እንዲይዙ፣ ለሠሪዎቹም የመምህር ክፍያ እንዲከፍሏቸው መጠየቅ ተገቢ ነው። ባለሙያዎቹ በሕይወት እያሉ ይሁን።